ሰንሰለቱ የረገበ ታንክ

ፌንጣ የሚለው ስም ዝም ብሎ አልወጣላትም። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች፤ ሻይ አፍልታ፣ ስኳር ጨምራ፣ ብርጭቆ አቅርባ፣ ሻዩን ራሱን መቅዳት ትረሳለች። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። እናቷ ታዲያ በተናደደች ቁጥር «ስም መልአክ ያወጣል ሲባል ነበር የምሰማው፣ እኛ ቤት ግን አንተ ቀደምከው!» ትለዋለች።

እና ይቺው ፌንጣ ናት እንግዲህ፣ እያንዳንዷ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ከመቶ ሰማንያ በላይ የብረት ፍሬ በወረንጦ እየያዘች አንድ በአንድ የሰካችው! ማን ያምናል? እናቷ እስከዛሬ አላመነችም።

አባቷ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ በመስኮት የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ያልተቀረጸ ቁልፍ ተሰቅሏል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ ይንሿሿል። በዚህች ክፍል ሃያ ምናምን ዓመት ሲቀርጽ ኖሮ፣ ከዓመት ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ቀኙ ብቻ፣ ከዛ ሁለቱም። ሐኪሙ «እጅህን ሥራ አታስፈታው፣ ደቃቅ ደቃቅ ነገር ሥራበት» አለው። ይሄን የሰማች አክስቷ ደግሞ ከመንገድ ስትመለስ አንድ ትልቅ ካርቶን ታቅፋ ከች አለች፦ ተገጣጣሚ ታንክ! ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያነሰ፣ ግን ምንም ያልጎደለው። መድፉ፣ ክዳኑ፣ መብራቱ፣ አካፋው የሚታሰርበት ማንጠልጠያ ሳይቀር።

አባቷ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሲያይ ሲያይ ቆየና «እሷው ናት» አለ።

«ማናት?» አለች ፌንጣ።

«የኔዋ።»

ወይኔ! አባቷ ድሮ በጦርነቱ ጊዜ ታንክ ነጂ እንደነበር ፌንጣ ታውቃለች፤ ግን የምታውቀው የደም ዓይነቱን እንደምታውቀው ነው። የሆነ ቦታ ተጽፏል፣ አይወራም።

ከዛ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት በሕይወቷ ካየቻቸው ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ፣ በቃ! ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየሮጠች ሱቁ ትሄዳለች፤ ደንበኛ ሲጠፋ ሁለቱ ራስ ለራስ ገጥመው ይገጣጥማሉ። እሱ ይመራል፣ እጁ እምቢ ሲለው እሷ ትይዝለታለች። እሷ በብርጭቆ ወረቀት ስታሻሽ «ቀስ! ታንክ ነው እንጂ ድስት አይደለም የምትፈትጊው!» ይላታል። አንድ ቀን እንደውም የነጂውን ክዳን ሲለጥፍ «እዚች ጋ ነበር ጭንቅላቴ የሚወጣው። አፌን ከከፈትኩ አቧራ እራት ነበር» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ፌንጣ ማሻሸቷን ትታ አየችው። ስለ ጦርነቱ ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነዋ!

እንዲህ እያሉ አንድ ማክሰኞ እናቷ ከሥራ መጣች። እናቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የሰፈሩ በሽታ ሁሉ በእጇ ያልፋል፣ አፏ ግን እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ የታሸገ ነው። ያን ቀን ግን ወደ ቤት እንኳን ሳትሄድ በቀጥታ ሱቁ ገባች፣ ቦርሳዋንም ሳታወርድ «ተኳሽህ ታሟል» አለችው።

አባቷ ወረንጦውን አስቀመጠ።

«ሚስቱ መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ነው የነገረችኝ። ልቡ ደክሟል። ሆስፒታሉ ‹ከዚህ በኋላ ቤቱ ይሁን› ብሎ መልሶታል። ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል አይደል?»

«ይገባኛል።»

«እና?»

«ሄጄ አየዋለሁ።»

«መቼ?»

አባቷ ታንኩን በጣቱ ነካ አደረገ። «ይቺ ስታልቅ። ከስንት ዓመት በኋላ ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ? ታንካችንን ይዤለት ነው የምሄደው።»

ተኳሽ የሚሉት ሰው እዛው ታንክ ውስጥ መድፉን የሚተኩሰው ነበር። ከአባቷ ጋር በአንድ ኩባያ የጠጡ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ቤቱ ከነሱ በአውቶቡስ ስድስት ፌርማታ ነው። ስድስት! ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዱ ከበሩ ጋ፣ አንዱ ከመስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። ፌንጣ ትንሽ ልጅ ሆና «ለምን?» ስትል «ተቀያይመን» ብሏት ነበር፣ በቃ እሱ ብቻ። አሁን ግን ሊታረቁ ነው! ታንኩ ካለቀ ሊታረቁ ነው! ፌንጣ ሌላ ምንም አልታያትም። ሰውዬው ሳይሞት ታንኩ ማለቅ አለበት።

የቀረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሰንሰለቱ። ጎማዎቹን ዙሪያቸውን አቅፎ ታንኩን የሚያስኬደው ማለት ነው። እሱ ደግሞ በሁለት ዓይነት ነው የመጣው። አንደኛው ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ላስቲክ ነው፤ ጫፍና ጫፉን ታያይዘዋለህ፣ ጎማው ላይ ትስበዋለህ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው አክስቷ ለብቻው የያዘችው የብረት ነው፦ ለአንድ ጎን ዘጠና አንጓ፣ በየሁለቱ አንጓ መሀል የምትገባ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ።

ፌንጣ የብረቱን ስታይ ልቧ ጥፍት አለ። «አባዬ! እየው እስቲ፣ እየው! እንደ እውነተኛው ይታጠፋል'ኮ! ቢንከባለል ይሄዳል!»

«ላስቲኩ ይሁን» አለ አባቷ።

«ላስቲኩ? የፀጉር መያዣ እኮ ነው የሚመስለው! ታንክ ነው የምንሠራው ወይስ ቁጥርጥር?»

«ላስቲክ ውጥር ይላል። ያምራል።»

«ብረቱስ?»

«ብረት ይረግባል» አለና ዞር ብሎ ቁልፍ መቅረጽ ጀመረ። ማንም ቁልፍ አላዘዘም'ኮ!

ረቡዕ ላስቲኩን ገጠመው። አየው። አወለቀው። ሐሙስ መልሶ ገጠመው። አጉሊ መነጽሩን አድርጎ አየው፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ አወለቀው። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ «አንተ ሰውዬ! ሞት ያንተን ታንክ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መሰለህ?» ብላ ጮኸችበት። «ትንሽ ቀርታለች» አላት። አራት ቀን ሙሉ «ትንሽ ቀርታለች»!

ፌንጣ ግን የገባት መሰላት። ገባት እንጂ! አባቷ ታንክ ነጂ ነው፣ ላስቲክ ሰንሰለት ዓይኑን ያሳክከዋል። የብረቱን ይፈልጋል፣ ግን በዚህ እጁ መቶ ሰማንያ አንጓ መሰካት እንደማይችል ያውቃል፣ ልጁ ፊት «አልችልም» ማለት ደግሞ አፍሯል። ምስኪን አባቷ! ስለዚህ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት አባቷ የእጅ ሕክምናውን ሊሄድ ሱቁን ለሷ ትቶላት ይወጣ የለ? ድብቅ ብላ ሠርታ ልታስደንቀው!

የመጀመሪያውን ቀን ሥራ አትጠይቁ። ሽቦዋን በፒንሳ ትቆርጣለች፣ ሽቦዋ ተፈናጥራ ትጠፋለች። ሁለት አንጓ አጋጥማ ሽቦ ትሰድና ጫፏ ላይ ጠብታ ሙጫ ታደርጋለች፤ ጠብታዋ ትንሽ ከበዛች ወደ ውስጥ ትሰርግና አንጓው ይደርቃል፣ አይታጠፍም። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ እንደዛ አድርጋ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነገር ሠራች። አልቅሳ ነበር ትንሽ። ከዛ ሙጫውን በመርፌ ጫፍ መንካት ለመደች፣ እና መሽቶ ሱቁ ሳይዘጋ የቀኙ አለቀ። ዘጠና! ጣቷ ላይ ስታንጠለጥለው እንደ እባብ ተጥመለመለ።

ማክሰኞ የግራውን ስትጀምር ብቻዋን መሆኑ ሰለቻትና ጉንጬ የምትላት ጓደኛዋን ደወለችላት፣ ስልኩን ቁልፍ መቅረጫው ላይ አስደግፋ።

«ሰባ አንድ… ሰባ ሁለት… እና ከዛ ምን አላት?» ትላለች ፌንጣ።

«‹ያንቺን ደብተር ነው የገለበጥኩት› አላታ! በክፍሉ ሁሉ ፊት!»

«ኧረ አትዪኝ! ሰባ ሦስት። እና እሷስ?»

«ምን ትላለች፣ ‹ለዛ ነዋ የወደቅከው› አለችው!»

ፌንጣ በሳቅ ወረንጦው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዓይኗን ጠርጋ «ስንት ላይ ነበርኩ? ሰባ ሦስት» አለችና ቀጠለች። ሰባ ሦስትን ሁለት ጊዜ ቆጠረቻት ማለት ነው። እሷ አላወቀችም፣ ጉንጬም አላወቀች። ዘጠና ስትል ዘጠና አንድ ሰክታ ጨረሰች።

ረቡዕ ጥቁር ቡናማ ቀባቻቸው፣ መሬት የሚነካውን ጎን ብረቱ እስኪያበራ በጨርቅ ወለወለችው፣ ከዛ ገጠመቻቸው። ቀኙ ልክ ነው። ግራው ግን ከላይ ዘመም ብሎ ጎማዎቹ ላይ ተኛ፣ ከፊት በኩል ደግሞ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወደ ታች ረገብ አለ። ፌንጣ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው። እንዲያውም ያምራል! የሠራ ታንክ፣ የደከመው ታንክ ይመስላል። ጨርቅ አለበሰችውና በሩ በሩን ታይ ጀመር።

አባቷ ሲገባ ቁልፎቹ ተንሿሹ። «ዓይንህን ጨፍን!» አለችው። ጨፈነ፣ ፈገግ ብሎ። ጨርቁን ገፈፈች። «ክፈት!»

ከፈተ።

ቀኙን አየ። ፈገግታው እዛው ነበር። ታንኩን ቀስ አድርጎ አዞረው። ግራውን አየ።

ፌንጣ ጮሃ ልትዘል ተዘጋጅታ ነበር። አልዘለለችም። አባቷ የወንበሩን መደገፊያ ፈልጎ ያዘና ቁጭ አለ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነገረሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«እሱ ነው? ሰውዬው ጋ ሄደሻል? ማን ነገረሽ ነው የምልሽ!»

«ማንም አባዬ! ምን አጠፋሁ?» አለች ፌንጣ። «ላስደንቅህ ብዬ እኮ ነው… ከጉንጬ ጋር እያወራሁ…» ታንኩን ሳብ አድርጋ በወረንጦው ጫፍ ቆጠረች። ቀኙ ዘጠና። ግራው… ደግማ ቆጠረች። «ዘጠና አንድ ነው። ወይኔ፣ አንድ ትርፍ ሰክቻለሁ። ተሳስቼ ነው አባዬ። በቁጥር ተሳስቼ ነው።»

አባቷ ዓይኑን ከታንኩ አላነሳም። አንዲት ሴትዮ ቁልፍ ልታስቀርጽ መጥታ በመስኮቱ አየችና፣ የሆነ ነገር ገባት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ሄደች።

«ሰንሰለት ብዙ ሲሄድ ይበላል» አለ አባቷ በመጨረሻ፣ ለታንኩ የሚናገር ይመስል። «ሲበላ ይረዝማል። ሲረዝም አንድ አንጓ አውጥተሽ ታሳጥሪዋለሽ። የነጂው ሥራ ነው። ካላወጣሽ፣ ስትታጠፊ ይወልቃል።»

«እሺ።»

«ግራው ረግቦ ነበር። ልክ እንደዚህ። ጠዋት ላይ ተኳሹ በታንኩ ዙሪያ ዞረና ‹ግራው ረግቧል፣ አንድ አውጣ› አለኝ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስነዳ ነው የከረምኩት፣ ዓይኔ አያይም። ‹እሺ› አልኩትና እዛው ጥላው ሥር ተኛሁ። ሲቀሰቅሱኝ ታንኮቹ ሊነሱ ነው። ‹አወጣህ?› አለኝ። ‹አውጥቻለሁ› አልኩት።»

ፌንጣ ወረንጦውን አስቀመጠች።

«አራት ነበርን። አራተኛው ማሙሽ ነው፣ ለመድፉ ጥይት የሚያጎርሰው። ማሙሽ የምንለው በዕድሜ ትንሻችን ስለነበር ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ከቀትር በኋላ፣ ጥይት በሚዘንብበት ክፉ ቦታ፣ ስታጠፍ ሰንሰለቱ ወለቀ። አንድ ሰው ወርዶ ሥር መግባት ነበረበት፣ ቀጭኑ እሱ ነው። እየሳቀ ነው የወረደው። ‹የዘይቱ ጠብታ ለኔ፣ ደመወዙ ለናንተ› ብሎን።» አባቷ እጆቹን ጭኖቹ መሀል ሸጎጣቸው። «አልተመለሰም።»

«አባዬ…»

«ቆይ፣ አላለቀም። አለቆቻችን ሲጠይቁን ‹ድንጋይ ነው ያወለቀው› አልኩ። ‹አጥብቄው ነበር› አልኩ። ተኳሹ ‹ነግሬው ነበር› ሲል፣ ‹ምንም አልነገረኝም› አልኩ። እኔን አመኑኝ። እሱን ‹በጓደኛው ያሳበበ› ብለው ጻፉበት፣ ከታንክ አወረዱት። ሰው ሁሉ በዛ ነው የሚያውቀው። እስከዛሬ።»

የዛን ጊዜ ነው ለፌንጣ ላስቲኩ የገባት። አፍሮ አልነበረም፣ እጁም አይደለም። ውጥር ያለውን ሊወስድለት ነበር። ለሚሞት ሰው፣ በስጦታ አስመስሎ፣ ያንኑ ውሸት።

ግን አራት ቀን ሙሉ ሲገጥመው፣ አራት ቀን ሙሉ አውልቆታል። ይሄም ገባት።

«አንዷን ላውጣት?» አለች፣ ወረንጦውን አንስታ። «ሁለት ደቂቃ ነው። ልክ ይሆናል።»

አባቷ እጁን እጇ ላይ አደረገ። እጁ ሲንቀጠቀጥ የሷንም አንቀጠቀጠው።

«ተዪው። እንዳለች እንወስዳታለን። አሁን፣ ሳልሸሽ።»

አውቶቡስ ላይ ታንኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቀፈው። ፌንጣ ስድስቱን ፌርማታ አንድም ቃል አላወራችም። እናቷ ብታያት ሐኪም ትጠራ ነበር።

የተኳሹ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፣ ቀጠን ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴትዮ። አባቷን አየችው፣ የያዘውንም አየች።

«እርስዎ ነዎት» አለች። ድሮ «አንተ» ስትለው የነበረች ሴት'ኮ ናት! «ይግቡ። ብዙ አያስወሩት።»

ተኳሹ መስኮቱ አጠገብ በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ድሮ ግዙፍ እንደነበር ከአጥንቱ ይታወቃል። ሥጋው ጥሎት ሄዶ አጥንቱ ብቻውን ቤት ሲጠብቅ ይመስላል። አባቷ ገብቶ አልጋው ግርጌ ቆመ።

«መጣህ?» አለ ተኳሹ።

«መጣሁ።»

«አርጅተሃል።»

«አንተስ?»

«እኔ እየጨረስኩ ነው፣ አልቆጠርም።» ዓይኑን ወደ ፌንጣ አዞረ። «ይቺ ማናት?»

«ልጄ ናት።»

«እንደምን አሉ ጋሼ» አለች ፌንጣ።

አባቷ ታንኩን ብርድ ልብሱ ላይ፣ ጉልበቱ አጠገብ አስቀመጠለት። ተኳሹ አየውና የፊቱ ቆዳ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። «እሷው ናት» አለ፣ ልክ አባቷ እንዳለው። መድፉን በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄን ማን ገጠመው? ወደ ቀኝ ዘሟል።»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ደግነቱ ተኳሽ አልሆንሽም፣ የራሳችንን ወጥ ቤት ነበር የምትመቺው።»

ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሚስቱ ውሃ ይዛ ገባች፣ ጠጣ፣ እሷም ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። እሱ ታንኩን አዞረው። ቀኙን አየ። ግራውን አየ። ቀጭን ጣቱን ዘርግቶ የላይኛውን ሰንሰለት፣ እዛ ከፊት የረገበው ላይ፣ ጫን አደረገው። ሰንሰለቱ ዝቅ አለ። ጣቱን አነሳ፣ እንደገና ጫን አደረገው።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«በግራ» አለ ተኳሹ።

«በግራ» አለ አባቷ።

«አንድ አውጣ ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«ድገመው።»

«ብለኸኝ ነበር። ሰምቼሃለሁ። ‹እሺ› ብዬህ ተኛሁ። ከዛ ዋሸሁ፣ ላንተም፣ ለነሱም።»

ተኳሹ ዓይኑን ጨፈነ። «ለሷም ንገራት» አለ፣ በአገጩ ወደ ሚስቱ እያሳየ።

አባቷ ዞረ። «እትዬ» አለ፣ «ነግሮኝ ነበር። ውሸታሙ እኔ ነኝ።»

ሚስትየው ብርጭቆውን የምታስቀምጥበት ጠፋት። «ሃያ ስምንት ዓመት» አለች። «ሃያ ስምንት ዓመት ሌሊት እየተነሳ ‹ነግሬው ነበር› ይለኛል። እኔም ‹አምንሃለሁ› እለዋለሁ። ግን…» ቆመች። «አንዳንዴ፣ ምናልባት ዋሽቶ ይሆን እንዴ እል ነበር። በልቤ።»

ተኳሹ ዓይኑን ገልጦ አያት። ይሄን አያውቅም ነበር። ከሁሉም ነገር ፌንጣን የሰበራት ይሄ ነው፤ የሰውዬው ዓይን፣ አዲስ ነገር እንደሰማ ልጅ። ሚስትየው አፏን በእጇ ይዛ ወደ ኩሽና ወጣች፣ ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ ይሰማል።

«ይቅር በለኝ» አለ አባቷ።

«እሱን የምትለው ለማሙሽ ነው።» ተኳሹ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እንዴት አድርጌ እንደምቆጣህ ስንት ዓመት ሳስብ ኖርኩ መሰለህ። የምሰድብህን ስድብ ሁሉ በቅደም ተከተል አውቀዋለሁ። አሁን መጣህ፣ ትንፋሹ የለኝም። እድለኛ ነህ።»

አባቷ ጎንበስ አለ። ተኳሹ ታንኩን በጣቱ ወደሱ ገፋ አደረገው።

«በል አንድ አውጣ።»

«አሁን?»

«መቼ ልታወጣ ነው?»

ፌንጣ ቦርሳዋን ከፍታ ወረንጦውን፣ ፒንሳዋን፣ ትንሽ ሽቦና ሙጫ አወጣች። ልትቀመጥና ልትሠራው ስትል ተኳሹ «አንቺ ተዪው» አላት። «እሱ ያውጣው።»

አባቷ ወንበር ስቦ ታንኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ወረንጦው ገና ሳይደርስ እጁ ሰንሰለቱን ሳተው። ደገመ፣ ሳተው። በግራ እጁ አንጓውን ይዞ ሞከረ። ፌንጣ እጆቿን ከኋላዋ ቆለፈቻቸው፣ ያለዚያ ሄደው ይነጥቁት ነበር። ሽቦዋን አንዴ ያዛት፣ አመለጠችው። «ቀስ» አለ ተኳሹ ትራሱ ላይ ሆኖ። «አታስጨንቀው። ራሱ ይመጣል።» ወጣች! አንደኛዋ ሽቦ ወጣች። ሁለተኛዋ ደግሞ ጨርሶ እምቢ አለች። የአባቷ ላብ ከግንባሩ ወርዶ ታንኩ ላይ ጠብ አለ። «ቀስ» አለ ተኳሹ እንደገና፣ ድምፁ እየራቀ። ወለሉ ላይ የነበረው ፀሐይ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ፣ ከቁም ሳጥኑ አልፎ ግድግዳው ላይ ደረሰ።

ትርፏ አንጓ ወጣች። አባቷ ሁለቱን ጫፎች አጋጠማቸው፣ አዲሱን ሽቦ ሰደደ፣ አራት ጊዜ ወድቆበት በአምስተኛው። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። ወደ አልጋው ቀና ብሎ «ይኸው» አለ።

ተኳሹ አልመለሰም። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ጭንቅላቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል።

ሚስትየው ገብታ በእጇ ጀርባ ከአፍንጫው ሥር ትንፋሹን ፈተሸች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት። ዓይኗ ቀልቷል። «ተኝቷል» አለች። «ሰሞኑን እንዲህ ነው። አንዳንዴ ትንሽ ቆይቶ ይነቃል። አንዳንዴ እስከ ነገ አይነቃም። ሐኪሙ አንድ ቀን ጨርሶ…» አልጨረሰችውም።

«አላየውም» አለ አባቷ። ታንኩን ግራ ጎኑን ወደ አልጋው አዙሮ ይዞታል። ያወጣት አንጓ መዳፉ ላይ ናት፣ መዳፉ ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ትንሽ ትዘላለች። «ማውጣቴን አላየውም።»

«አባዬ፣ ነገ እንምጣ?» አለች ፌንጣ፣ በሹክሹክታ።

አባቷ «ነገ» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ከዛ ወደ ሚስትየው ቀና አለ። «እስኪነቃ ብጠብቅ?»

ሚስትየው መጀመሪያ ባሏን አየችው። አጣጥፋ የያዘችውን ፎጣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ይጠብቁ» አለች።